የሐሊማ ባሕር እና የኢንጂነር ዘካሪያስ መብራት

በዚህች አገር ሐኪም የሌለው ወረዳ ሞልቷል፤ ቧንቧ የሌለው ከተማም አይጠፋም። «ነገሩ ቀላል ነው» የሚል ሰው የሌለው ሰፈር ግን እስካሁን አልተገኘም። ካለም ነዋሪው ቀድሞ ለቆ ሄዷል ማለት ነው። ይህ ሰው ጣሪያ ሲያፈስ፣ ላም ስትታመም፣ ባልና ሚስት ሲኮራረፉ፣ ሬዲዮ ሲያንኮራፋ ሳይጠሩት ከች ይላል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነገሩን ዞር ዞር እያለ ያየዋል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ ያቺን ቃል ጣል ያደርጋል። ቃሏን የሰማ ባለንብረት ዕቃውን አንስቶ ቢሮጥ ይሻለዋል።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ለእትዬ ወለቴ ግቢ ተከራዮች የደረሷቸው ክቡር ኢንጂነር ዘካሪያስ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከኦቾሎ ተራራ ወርደው ለመንገድ ቀያሾች ሰባት ወር ዘንግ ይዘዋል። ቀያሾቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ፤ ማዕረጉ ግን ከእሳቸው ጋር ቀረ። እንጀራቸውን የሚበሉት በሽመና ነው። ግቢው መሃል ካለው ማንጎ ዛፍ አጠገብ ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ሰደው ከጠዋት እስከ ማታ መወርወሪያ ሲወረውሩ ይውላሉ። ሥራዎ ምንድን ነው ላላቸው ግን መልሳቸው አንድ ነው፤ «መሐንዲስ ነኝ። ለጊዜው ጋቢ እሠራለሁ።» ይህ «ለጊዜው» ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶታል።

የአቡሽን ሬዲዮ የሠሩለት እሳቸው ናቸው። አቡሽ ከደብረ ብርሃን ለትምህርት የመጣ ተከራይ ነው፤ ሬዲዮው እያንቋረረም ቢሆን አንድ ጣቢያ ይይዝለት ነበር። ኢንጂነሩ ፈታተው ገጠሙለት። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብሎን ተረፈ።

«ይሄስ ጋሼ?» አለ አቡሽ።

«ፋብሪካው አብዝቶት ነው። ጃፓኖች እኮ በብሎን አይሰስቱም!»

ሬዲዮው ከዚያን ቀን ወዲህ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ኢንጂነሩ ደግሞ በአጠገቡ ባለፉ ቁጥር «አየህ? ማንቋረሩን ተወው» ይላሉ። የእትዬ ወለቴን አንቴና ማንጎው ጫፍ ላይ ሰቅለው ፊቱን ወደ አባያ ሐይቅ ያዞሩትም እሳቸው ናቸው። ግቢው በሙሉ ለሁለት ሳምንት ዜናውን የተከታተለው ዶፍ ዝናብ ከሚመስል ነገር ጀርባ ነበር። እትዬ ወለቴ ግን እምነታቸው ፍንክች አላለም። «የተማረ ሰው ነው፤ እሱ ያለው ልክ ነው» ይላሉ። የግቢው ባለቤት እንዲህ ካሉ ደግሞ ይግባኝ የለም።

ሐሊማ እስከ ሰማንያ ስምንት የካቲት ድረስ ከኢንጂነሩ እጅ አምልጣ ኖራለች። የሾፌር ሚስት ናት። ባሏ ጠሃ በትልቅ መኪና አሰብ ወደብ እየተመላለሰ ጭነት ያመጣል። ሲያገባት «ባሕር አሳይሻለሁ» ብሏት ነበር፤ ለእሱ ሥራው ስለሆነ ቃሉ ከባድ አልመሰለውም። ዘጠኝ ዓመት አለፈ። አንዴ ባለመኪናው ጋቢና ውስጥ ሴት አትገባም አለ፣ አንዴ እሷ ወባ ያዛት፣ አንዴ ድልድይ ፈረሰ። ጠሃ በተመለሰ ቁጥር ባሕሩን ይነግራታል፤ እሷም በሰማች ቁጥር ታኮርፋለች።

«ሁለት ሐይቅ ደጅሽ ድረስ መጥቶልሽ ምን ጎደለብሽ?» ይላታል ሊያስቃት።

«ሐይቅ ነው ያልከኝ? ባሕር ነው ያልከኝ!»

በዚያ የካቲት ጠሃ ከመኪናው የወረደው ሁለት እጁን እንደ ታቦት ተሸካሚ አድርጎ ነው። ይዞ የመጣው አራት ማዕዘን የመስታወት ሣጥን ነበር። ከኋላው ስድስት ጀሪካን የባሕር ውኃ ተከተለ። አሰብ ላይ የመርከብ ወኪል የነበረ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ የሰጠው ነው። አፉ በቢላ በተቆረጠው በመጨረሻው ጀሪካን ውስጥ አንድ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩን ውኃው ውስጥ አስቀምጠው ጥቂት ሲጠብቁ፣ ከላዩ ሃያ የሚሆኑ ነጫጭ ግንዶች ቀና ቀና አሉ። እያንዳንዱ ጫፉ ላይ ስምንት ጣት ያለው ትንሽ እጅ አለው። እጆቹ ተከፈቱ፣ ተጨበጡ፣ ተከፈቱ፣ ተጨበጡ።

«ወላሂ ያጨበጭባል!» ብላ ሐሊማ ጮኸች።

«ድንጋይ እንዳይመስልሽ፤ ነፍስ ያለው ነው። አንቺን ባሕር ጋ መውሰድ ሲያቅተኝ ባሕሩን ጫንኩት።»

ሐሊማ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ደግሞ አለቀሰች። ግቢው ተሰበሰበ። አርባ ምንጭ የዓሣ አገር ነውና ያየው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይበላል?» ብሎ ነበር። ኢንጂነር ዘካሪያስ ብቻ አልጠየቁም። እሳቸው መጠየቅ አይወዱም።

የጣሊያኑ መመሪያ ሁለት ነበር። አንደኛው ውኃው እንዳይተኛ ነው፤ ስለዚህ ሐሊማ በየሰዓቱ በጣሳ እየቀዳች መልሳ ታፈሰዋለች። ሁለተኛው ከባድ ነው። የዚህ ፍጡር እህሉ መብራት ነው፤ መብራት ካላገኘ በረሃብ ይሞታል። ሣጥኑ የራሱ መብራት ነበረው፤ መንገድ ላይ፣ ሚሌ ከተማ ሳይደርሱ ግን ጉድጓድ ላይ ተንጦ ደቀቀ።

«ታዲያ ምን ዓይነት መብራት ልግዛለት?» አለች ሐሊማ።

«እሱንማ አብራርቶ ነግሮኝ ነበር። በጣሊያንኛ ሆነብኝ እንጂ።»

ጠሃ በማግስቱ ለሦስት ሳምንት መንገድ ወጣ። ሐሊማ በር ላይ ቆማ ሸኘችውና ዘወር ስትል፣ ኢንጂነር ዘካሪያስ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሣጥኑን እየዞሩ ነበር። ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ሐሊማ ልጄ፣ ነገሩ ቀላል ነው።»

ሐሊማ በሣጥኑና በእሳቸው መካከል ገባች።

«ባሕር ምን ያህላል? ትልቅ ነው። ለትልቅ ነገር ትልቅ መብራት!» አሉና ባለ ሁለት መቶ ሻማ አምፖል አስገዟት። ሲመሽ ከውኃው በላይ አራት ጣት ከፍ አድርገው አንጠለጠሉት። ቤቱ የሠርግ ቤት መሰለ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ውኃው እግር መታጠቢያ ያህል ሞቀ፤ እጆቹ ወደ ጎን ወደቁ። ሐሊማ ደንግጣ በጣሳ ስትቀላቅል ጠብታ ሽቅብ ፈናጠረ፤ አምፖሉም ቷ! ብሎ ፈነዳ። አቡሽ ጥይት መስሎት አልጋ ሥር ገባ።

«አምፖሉ ነው ሰነፍ» አሉ ኢንጂነሩ፣ ከጋቢያቸው ላይ ስብርባሪውን እያራገፉ። «ለካ ነገሩ ከዚህም ይቀላል! የባሕር መብራቱ ማነው? ፀሐይ አይደለችም?»

በማግስቱ ሣጥኑ በሳንቃ ላይ ሆኖ በአራት ሰው ወደ ግቢው ወጣ። የሲቀላን የየካቲት ፀሐይ የሚያውቅ ያውቃታል። የእትዬ ወለቴ ዶሮ ጠርዙ ላይ ወጥታ አንድ ጉንጭ ጠጣችና ጭንቅላቷን ስታራግፍ ዋለች። ሐሊማ ጃንጥላ ይዛ ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠች፤ ኢንጂነሩ «ፀሐይ እንዲያገኝ አውጥተነው ጥላ ትዘረጊበታለሽ?» ይሏታል፤ ጃንጥላውን ስታጥፍ ውኃው ይፈላል። ሦስተኛው ቀን ላይ መስታወቱ በሙሉ አረንጓዴ ለበሰ። ከሃያው ግንድ የቀሩት ዘጠኝ ናቸው። እነሱም አጎንብሰዋል። ማጨብጨብ ከተዉ ቆይተዋል።

ያን ቀን ሐሊማ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ጋሽ ዘካሪያስ፣ ይሄ እኮ ሬዲዮ አይደለም! ዘጠኝ ዓመት ነው የጠበቅኩት። ጠሃ አምስት ቀን መንገድ ጋቢናው ውስጥ አጠገቡ አስቀምጦት መጥቶ፣ ሲመለስ ምን ልበለው? ባሕርህን ገደልኩት ልበለው?»

ኢንጂነሩ «ነገሩ ቀላል ነው» ሳይሉ ወደ ጉድጓዳቸው ተመለሱ። ይህ በግቢው ታሪክ አልታየም ነበር። በነጋታው ሽመናቸውን ትተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሐሊማን አስከትለው ገበያው ዳር ካለው የሳላዲን ሱቅ ሄዱ። እዚያ ምን ያላደረጉት አለ! ያለውን መብራት ሁሉ በየተራ አስበርተው፣ በእያንዳንዱ ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆጥራሉ። ሳላዲን ደንበኛ እየጠበቀው «ጋሼ፣ አምፖል ነው የሚመርጡት ወይስ ሚስት?» አላቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ረጅሙ ነጭ ፍሎረሰንት ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«አይሞቅም! ሐሊማ፣ ንኪው! ብርሃኑ አለ፣ እሳቱ የለም!»

ሐሊማ ነካችው። እውነትም አይሞቅም። ኢንጂነር ዘካሪያስ ትክክል ሆኑ። ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ሳላዲንም በነገሩ ተደንቆ መስቀያ ገመዱን መረቀላት።

ደስታው ግን ዕድሜ አልነበረውም፤ መብራቱ የት ይሰቀል፣ መቼ ይብራ የሚለው ገና አልተነሳም ነበርና። «መብራት ቦታው ጣሪያ ነው» አሉ ኢንጂነሩ። «ሰዓቱ ደግሞ ማታ ነው። ዝቅ አድርጌ ብሰቅለው፣ ቀን ባበራው ማን መሐንዲስ ይለኛል?» ሣጥኑን ወደ ቤት አስመልሰው መብራቱን ጣሪያው ላይ ሰቀሉት። በዚያ ላይ የግቢው መብራት ዋና ማጥፊያ ያለው እትዬ ወለቴ ጓዳ ነው። ጎህ ሲቀድ ቀጭ ያደርጉታል፤ ሲመሽ መልሰው ያበሩታል። ሃያ ዓመት የሠራ ሕግ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ሲቀላ በሙሉ መብራቱን ስለሚያበራ ኃይሉ ይደክማል፤ ፍሎረሰንቱ ጭል ጭል ይልና ይተኛል። ቀን ቀን ቆርቆሮው ከላይ ስለሚጠብስ፣ የውጭው ሙቀት እንዳይጨመርበት የሐሊማ መስኮት ተዘግቶ ነው የሚውለው። እንግዲህ ያ ምስኪን ፍጡር ቀኑን በጨለማ፣ ማታውን በጭልጭልታ ይጾማል። ግንዶቹ ስድስት ሆኑ።

ጠሃ ሊመለስ ሳምንት ሲቀረው እትዬ ወለቴ ለለቅሶ ካምባ ሄዱ። በችኮላ ሲወጡ ማጥፊያውን ረሱት። ሐሊማ ያን ቀን ከገበያ ስትመለስ እኩለ ቀን ነው፤ የጨለመውን ቤቷን ስትከፍት ጣሪያው ላይ መብራቱ ቦግ ብሏል። ቀን ስለሆነ ኃይሉም አልደከመም። «ያ አላህ፣ በቀን መብራት!» ብላ ልታጠፋው እጇን ሰደደች። ድንገት ዓይኗ ሣጥኑ ላይ አረፈ። ከስድስቱ አንዱ እጅ ተከፍቷል።

እጇን መለሰች። ቆማ አየችው። ከዚያ ወንበር ላይ ወጣች፤ ገመዱን ፈታ መብራቱን ከውኃው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ እስኪቆም አወረደችው። ኢንጂነሩን አልጠራችም፤ ማንንም አልጠራችም። አሥር ሰዓት ላይ ስድስቱም እጆች ተከፈቱ። በማግስቱ እያመነቱ ማጨብጨብ ጀመሩ። በሦስተኛው ቀን ከድንጋዩ ሥር አንድ እንደ ሩዝ ፍሬ ያለች አዲስ ግንድ ብቅ አለች። ሐሊማ ብቻዋን እየሳቀች ምሳዋን ረሳች።

እሑድ ማታ እትዬ ወለቴ ከካምባ ቅቤያቸውን ይዘው ተመለሱ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ቀጭ!

ሐሊማ በባዶ እግሯ ወጣች። «እትዬ፣ በእናትዎ! ቀን ካልበራለት ይሞትብኛል! ጠሃ ረቡዕ ይመጣል!»

«ምን? በጠራራ ፀሐይ መብራት? ወለቴ ጃጀች፣ ቀንና ማታ ተምታታባት ያስብሉኝ?»

«በዓይኔ አይቼ ነው! ቀን ሲበራለት ነው የዳነው!»

«ኢንጂነሩ መብራት ለማታ ነው አላለም? አንቺ ከእሱ ልታውቂ ነው?»

ተከራዩ ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። እትዬ ወለቴ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ወደ ማንጎው ዛፍ ዞሩ። «ይኸው እሱ ራሱ አለ። ዘካሪያስ! ንገራት እስቲ!»

የመወርወሪያው ድምፅ ቆመ። ኢንጂነር ዘካሪያስ ከጉድጓዳቸው ቀስ ብለው ወጡ። ሐሊማ ታውቃለች፤ ያቺ ቃል ልትመጣ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ተሳስቻለሁ ብለው የማያውቁ ሰው፣ በግቢው ሕዝብ ፊት፣ በአንዲት የሾፌር ሚስት ተረትቻለሁ ሊሉ አይደለም። እሳቸው ግን ወደ እትዬ ወለቴ አልሄዱም። ቀጥ ብለው የሐሊማ ቤት ገቡ። ጥቂት ቆዩ። ሲወጡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አልጠራ ሲላቸው ደግመው ጠረጉ።

«ወለቴ፣ አላውቅም ነበር።»

ወደ ሐሊማ ቤት በእጃቸው አመለከቱ።

«መብራት ለማታ ነው ያልኩት ሳላውቅ ነው። ጣሪያ ላይ የሰቀልኩትም ሳላውቅ ነው። እኔ ሸማኔ ነኝ። ማታ ሸምኜ አላውቅም፤ ክሩን በቀን ብርሃን ካላየሁት እጄ አይሠራም። ፍጥረት በቀን እንደሚሠራ ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ልጅቷ አውቃለች። አብሪላት።»

እትዬ ወለቴ እጃቸውን ከወገባቸው አወረዱ። «ሸማኔ ነህ እንዴ?» አሉ።

«ይሄን የለበስሽውን ጋቢ ማን የሠራው መስሎሽ ነው?»

እትዬ ወለቴ ጋቢያቸውን አዩ፣ ሰውየውን አዩ። ከዚያ እያጉረመረሙ ጓዳ ገቡ፤ ማጥፊያው ቀጭ አለ፤ የሐሊማ ቤት በራ። አቡሽ ሊያጨበጭብ ፈልጎ ነበር፤ የኢንጂነሩን ፊት ሲያይ ተወው።

እንግዲህ ሐሊማ መደሰት ነበረባት። ተደሰተችም። ነገር ግን ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ግቢው የታመመ ያለበት ቤት መሰለ። ኢንጂነር ዘካሪያስ ማንንም አይመክሩም። የአቡሽ በር ከማጠፊያው ወልቆ ሲወድቅ አልፈውት ሄዱ! የእትዬ ወለቴ ቴሌቪዥን ዝናቡን ሲያወርደው ቀና ብለው አንቴናውን እንኳ አላዩም። «ጋሼ፣ ሬዲዮዬን ደግመው ቢያዩልኝ?» አላቸው አቡሽ ሆዱ ተባብቶ። «ሠራተኛ ጋ ውሰደው» አሉት። አቡሽ ማታውን አልበላም። ሐሊማም በሩ ላይ የሰው ጥላ ባየች ቁጥር ቀና ትላለች፤ የሚገባ የለም። እነዚያ ወደ ኋላ የተጣመሩ እጆች ይናፍቁሻል ብሎ የነገራት ቢኖር ኖሮ ትስቅበት ነበር። አሁን ግን ናፈቋት።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የጠሃ መኪና ጥሩምባ ተሰማ። አቧራውን ሳያራግፍ ገባ። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ቤቱ ጨልሟል፤ መብራቱ ዝቅ ብሎ ውኃው ላይ በርቷል። ከመብራቱ ሥር ስድስት ትልልቅና ሁለት ትንንሽ እጆች ይከፈታሉ፣ ይጨበጣሉ። ጠሃ ሣጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሞቶ ነው የማገኘው ብዬ መንገዱን ሙሉ ምን እንደምልሽ ሳስብ ነው የመጣሁት» አለ። «ወልዷል እኮ! አልሐምዱሊላህ! ማን አስተማረሽ?»

ሐሊማ ወደ ውጭ አየች። ማንጎው አጠገብ ኢንጂነሩ አንገታቸውን ደፍተው የሚሸምኑ ይመስላሉ፤ መወርወሪያው ግን ከእጃቸው አልወጣም። ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ እትዬ ወለቴም፣ አቡሽም፣ ጎረቤት ግቢም እንዲሰማ።

«ማን ያስተምረኛል? ኢንጂነር ዘካሪያስ ናቸዋ! መብራቱን ከሳላዲን ሱቅ የመረጡልኝ እሳቸው፣ ከእትዬ ወለቴ ተሟግተው ቀን ያስበሩልኝ እሳቸው! እሳቸው ባይኖሩ ባሕርህን አታገኘውም ነበር!»

አንዱም ቃል ውሸት አልነበረበትም። ውጭ መወርወሪያው ተቀመጠ። ከዚያ ጫማ ሲጎተት ተሰማ፤ በሩ ላይ ጥላ ቆመ፤ ጉሮሮ ተጠረገ፣ በአንዴ ጠራ። ኢንጂነር ዘካሪያስ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ገቡ። ሣጥኑን አንድ ጊዜ ዞሩትና ከጠሃ ፊት ቆሙ።

«ጠሃ ልጄ» አሉት፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አሰብ ወደብ የተመላለሰውን ሰው፣ «ባሕር ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳህ።»

ጠሃ ወደ ሐሊማ አየ። ሐሊማ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ተነሳችና ለኢንጂነሩ ወንበር አመጣችላቸው።